ሻንጣሽ ውስጥ ትራማዶል አለ?
እህቴ፣ ወገብ ሲያም «ይቺን ዋጪ» እየተባለ የሚሰጠው ትራማዶል እንደ ፓናዶል ቀላል አይደለም፤ የሞርፊን ዘመድ ነው። ሆድ ያደርቃል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል። ሲበዛ ያንፈራግጣል፣ ትንፋሽም ያዳክማል። ከለመድሽው ደግሞ በአንዴ ማቆም ስለሚከብድ ሐኪም ጠይቂ።

የሕጉ ጣጣ ግን ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት 290 ፍሬ ትራማዶል ይዛ ግብፅ ገባች። ለባልንጀራዋ የጀርባ ሕመም ነው ብትልም 3 ዓመት ተፈረደባት። የእንግሊዝ ፓስፖርት ያላት እንዲህ ከሆነች፣ «ይቺን አድርሺልኝ» ተብላ የሰው ዕቃ የምትይዝ ልጃችንማ!

ኤምሬትስ የምትገቢ ከሆነ ትራማዶልም ሆነ ኮዴይን ከአገሪቱ መንግሥት ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ የሐኪም ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ኮዴይን ደግሞ በአንዳንድ የሳል ሽሮፕ ውስጥም አለ፤ ብልቃጡን ገልብጠሽ አንብቢ።