ወንዛችን ባለቤት የለውምን?

ክረምት በገባ ቁጥር በመሸንቲና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ሁለት ነገሮች አይቀሩም። አንደኛው ዝናቡ ነው፤ ሁለተኛው ከዝናቡ በኋላ የሚነገረው ወሬ ነው። ወንዙ ሞልቶ የእገሌን ማሳ ይዞት ሄደ፣ የእገሊትን ጥጃ ወሰደ፣ መሻገሪያው ተቆረጠ ይባላል። ሽማግሌዎች «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላሉ፤ ወጣቶች «መንግሥት ምነው ዝም አለ» ይላሉ፤ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ግን ሁሉም ይረሳዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ወንዙ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ሲወርድ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ጓደኞቼ፣ በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ በሐምሌና በነሐሴ የምናየው ጎርፍ እኛ ወንዙን በረሳንባቸው በእነዚያ የበጋ ወራት የተዘጋጀ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከቅርብ ልጀምር። ከቤታችን በታች በሚወርደው ወንዝ ዳር አባቴ አንዲት ጠባብ ማሳ አለችው። እርሱ ልጅ ሳለ በማሳዋና በወንዙ መካከል ሾላ፣ ዶቅማና አኻያ እንደ ነበረ፣ ከብቱም ቀትር ላይ እዚያ ጥላ ሥር ያመሰኳ እንደ ነበር ይነግረኛል። ዛሬ አንድም ዛፍ የለም። መሬት ጠበበ፤ ቤተ ሰብ በዛ፤ ማረሻው በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ እየገፋ እስከ አፋፉ ድረስ ደረሰ። ይህን ያደረገው ባዕድ አይደለም፤ እኔ ራሴ በሬዎቹን ነድቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ሙላት ከአፋፉ አንድ ትልቅ ቁራጭ ከነጤፉ ተንዶ ሄደ። በተከታዩ በጋ እኔና ወንድሜ ድንጋይ ለቅመን በእኛ በኩል ካብ ሠራን፤ በሥራችንም እጅግ ኮራን። ክረምቱ ሲመጣ ካቡ አልተነቃነቀም፤ ውሃው ግን ከካቡ ጋር ተላትሞ ወደ ማዶ ዞረና የጎረቤታችንን የበቆሎ ማሳ በላው። ጎረቤታችን በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቤታችን ገብተው፣ «ልጄ፣ ወንዙን እኮ ወደ እኔ ላክኸው» አሉት። አባቴም «አባ፣ አላወቅንም፤ ይቅር ይበሉን» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም። እኔም በጓዳ ሆኜ ይህን ስሰማ ያ የኮራሁበት ካብ አሳፈረኝ።

ይህ የአንዲት ታናሽ ወንዝ ታሪክ ነው። ታላላቆቹን ወንዞች ለማየት ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የፎገራን ሜዳ መመልከት ይበቃል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች የሚነሡት ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ነው። የሚገቡበት የጣና ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው ከላይ እየተጣደፈ አፈሩን ጠርጎ ይወርድና ሜዳው ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ሲደክምም የተሸከመውን ሁሉ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠውም ሌላ ቦታ ሳይሆን በገዛ መሄጃው ውስጥ ነው። የጉማራ ወንዝ አልጋ በመለኪያ ጣቢያው ላይ ከ1955 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ከፍ ማለቱን ያጠኑት ሊቃውንት ጽፈዋል። ሦስት ሜትር ማለት እኮ የመማሪያ ክፍላችን ግድግዳ ቁመት ማለት ነው! እስከ አፉ በአሸዋና በጭቃ የተሞላ እንስራ ምን ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል? በዚህ ላይ ሐይቁ ራሱ በነሐሴና በመስከረም ሲሞላ የወንዞቹን አፍ ይገታዋል፤ ውሃውም መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ዳርቻቸውን ሰብረው ወጡ። በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ እህልና ከብትም አለቀ። ያ ክረምት ለመላዋ ኢትዮጵያ የመከራ ክረምት ነበር። በሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በነሐሴም በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ከ360 በላይ ሰው ጨረሰ። ደቻቱን ያዩ ሰዎች እንደሚናገሩት በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውሃ የሌለበት ወንዝ ወንዝ አይመስልምና ሰው ይዘነጋዋል። የእኛም ዝንጋታ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። በርብ ላይ 73 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል። በወንዞቹ ዳርና ዳርም የአፈር ክትር ተክትሯል። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ እንደ ገና ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደንቢያን ጎርፍ አጥለቀለቃቸው። ግድቡ ከበላዩ ያለውን የርብን ውሃ ይይዛል እንጂ የጉማራን አይይዝም፤ ከበታቹ የሚገቡትንም ጅረቶች አይከለክልም። ክትሩም ቢሆን በየዓመቱ ካልተጠገነ አንድ የአይጥ ጉድጓድ ወይም አንድ የከብት መንገድ ይበቃዋል፤ ውሃ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ያገኛልና። ክትር ብቻውን ከፍ እያለ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የቻይናን ሁዋንግ ሆ ወንዝ ማሰብ ነው። እዚያ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ክትሩን ከፍ ሲያደርግ፣ ደለሉም አልጋውን ከፍ ሲያደርግ፣ ዛሬ ወንዙ በአንዳንድ ቦታ ከአካባቢው ሜዳ በላይ ተሰቅሎ ይሄዳል። በላዩ ላይ የተሰቀለ ወንዝ ይዞ የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ምን ዓይነት ይሆን?

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የፎገራ ገበሬ ጎርፍን እንደ እኛ አይጠላውም። ሩዝ የሚያበቅልለት ያ ሜዳ ላይ የሚተኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲሸሽም በእርጥበቱ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። እንግዲህ ጥላቻችን ከውሃው ጋር መሆን የለበትም። ክፉው ነገር ውሃው ባልታሰበ ቦታና በአንድ ሌሊት ሲመጣ ነው።

አፈሩ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ መመለስ እንችላለን። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ መዊ በሚባለው ቦታ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲለኩ ቆይተዋል። ያገኙትም ነገር የሚያስገርም ነው፤ ወንዙን ከሚያደፈርሰው ጭቃ ብዙው የሚወጣው ከተረተሩ ማሳ ሳይሆን ከታች ካለው ቦረቦር ነው። ቦረቦሩ እርጥበት ጠጥቶ ሲከብድ ጎንና ጎኑ እንደ ዳቦ እየተቆረሰ ይወድቃል፤ ጎርፉም ጠርጎ ይወስደዋል። ገበሬው በማሳው ላይ ውሃ እንዳይተኛበት የሚያወጣው ፈሰስም ውሃውን ሰብስቦ ወደዚያው ይልከዋል።

አሁን እንግዲህ የሥራችንን አካሄድ እንመልከት። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው በዘመቻ ወጥቶ ተራራው ላይ እርከን ይሠራል። መልካም ሥራ ነው፤ እኔም ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ወጥቼ ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ነገር ግን እርከኑ በሜትር ተለክቶ በሪፖርት ሲጻፍ፣ ከተራራው በታች የሚናደውን ቦረቦርና የወንዝ አፋፍ የሚቆጥረው አላየሁም። ከተራራው ራስ እስከ ወገቡ ባለቤት አለው፤ እግሩ ጋ ሲደረስ ባለቤት ይጠፋል። ወንዙ የሁለት ቀበሌ ወሰን ስለ ሆነ የዚህኛው «የዚያኛው ነው» ይላል፤ የዚያኛውም እንደዚሁ። አሸዋ የሚያወጡት ሰዎች ከፈለጉት ቦታ ይቆፍራሉ፤ ባህር ዛፍ የሚተክለው እስከ ውሃው ድረስ ይተክላል፤ ጫት የሚያጠጣው የውሃ ሞተሩን ለማስቀመጥ አፋፉን ይደረምሳል። በከተማችን ውስጥ ያለውም ቦይ ከዚህ አይሻልም፤ በፌስታልና በሃይላንድ ታጭቆ ሐምሌ ላይ ውሃው አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም አካፋ ይዘን እንሮጣለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን?

በሆላንድ አገር ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የውሃ ማኅበሮች አሉ። በየዓመቱ የማኅበሩ ሰዎች በየቦዩ ዳር እየሄዱ ይመረምራሉ። በማሳው አጠገብ ያለውን ቦይ ያልጠረገ ሰው ይቀጣል፤ ወይም ማኅበሩ ራሱ አስጠርጎ ገንዘቡን ያስከፍለዋል። እንዲህም ሆኖ በጥር 1945 ዓ.ም. ባሕሩ ክትራቸውን ሰብሮ ከ1,800 በላይ ሰው ገድሎባቸዋል። ከዚያ ሐዘን በኋላ ግን ጥበቃውን አጠነከሩት እንጂ አልተዉትም። በአገራችንም አንድን ወንዝ ከነሸለቆው ለአንድ መሥሪያ ቤት አደራ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነበር። ይሁን እንጂ እኔ ስለ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ለመናገር ዕድሜዬም እውቀቴም አይፈቅድልኝም።

የሚታየኝ ግን እድራችን ነው። በመንደራችን ሰው ሲሞት ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ማንም አያጉረመርምበትም። ለሞተ ሰው ይህን ያህል ሥርዓት ያለን ሕዝብ በሕይወት ላለው ስለምን ሥርዓት አናወጣም? በየወንዙ ዳር ማሳ ያላቸው ሰዎች፣ በማዶም በወዲህም ያሉት፣ አንድ ላይ ሆነው በሚያዝያ ሁለት ቀን ደቦ ቢወጡ፣ በወንዙ መካከል የወደቀውን ግንድና የተከመረውን ቆሻሻ ቢያወጡ፣ የተናደውን አፋፍ በአኻያና በሸምበቆ ቢሰፉ፣ አሸዋ ከየት እንደሚወጣም ቢስማሙ፣ ለዚህ የሚጠይቀው ገንዘብ ከአንድ ድግስ አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው። ከአፋፉ አራት ወይም አምስት ክንድ ሳይታረስ ይቅር ስንል፣ ሁለት ቃዳ መሬት ብቻ ላለው ሰው ከእንጀራው ቆርሰህ ስጥ ማለታችን ነው። ጓደኞቼ በክፍል ውስጥ ስንከራከር ይህን ሲያነሡብኝ አፌን ይዤ ነበር። በዚያ ቦታ ዝሆኔ ሣር ወይም ደሾ ቢተከል ለከብት መኖ ይሆናል፤ ባሕር ዳር ድረስ ገዢም አያጣም፤ ነገር ግን የጤፉን ያህል ይክሰዋል ብዬ አልዋሽም። ስለዚህ ከላይ ያሉትም ሆኑ ከታች ያሉት፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚያርሰውም ሳይቀር፣ የወንዝ ዳሩን ሰው በጉልበትም ሆነ በእህል መደገፍ ይገባቸዋል፤ ጥበቃው ለሁሉም ነውና። በመቶ ሺህ ኩንታል የሚቆጠር ደለል መጥረግ፣ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ መሥራት፣ የጠበቡትን የመንገድ ፉካዎች ማስፋት ግን የደቦ ሥራ አይደለም። ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ገበሬውን ብቻ እየወቀሱ እርሱን ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

እኛ ተማሪዎችም የምንሠራው አለ። በመስከረም ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ጓደኞቻችን መሻገሪያው ሞልቶባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት ያመልጣቸዋል። በየመሻገሪያው ላይ በቀለም የተመለከተ የመለኪያ እንጨት ብንተክልና በየቀኑ የውሃውን ከፍታ በደብተር ብንጽፍ፣ ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ከላይ ዝናብ በዘነበ በስንት ሰዓት ሙላቱ ወደ እኛ እንደሚደርስ ማወቅ እንችላለን። የጂኦግራፊ መምህራችን ደብተሩን ለማረም ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል።

ዘንድሮ አባቴ ከአፋፉ አራት ክንድ ትቶ አርሷል። እናቴ በዚያ ቦታ ሣሩን ተክላለች፤ ከፊሉን ዶሮ ጫረው፤ ከፊሉ ይዟል። እኔና ወንድሜ የዚያን ካብ ግማሹን አፍርሰን ድንጋዩን ለሁለቱም ዳር አካፈልነው፤ ሲከፈልም ጎረቤታችን በምርኩዛቸው እየጠቆሙ «ወዲህ፣ ወዲህ» ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን በበኩላቸው እስከ አፋፉ ድረስ አርሰዋል፤ «መጀመሪያ የእናንተን ልየው» ብለዋል።