ለፕሮግራሙ የተሰጠ፣ ለቤቱ የተነፈገ

በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የባንክ አስተዳዳሪ የነበረው ፍሬድሪክ ጎፍ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ባቋቋመ ጊዜ ያነሣሣው ምክንያት ዛሬም ሊታወስ ይገባዋል። ባለጠጎች በኑዛዜ የሚተዉት ገንዘብ ዘመን ባለፈበት ዓላማ ታስሮ፣ ሟቹ ያሰበው ችግር ከምድር ከጠፋ በኋላ እንኳ ለሌላው ችግር ሳይውል ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ሕግ ዐዋቂዎችም ይህን «የሙት እጅ» ይሉታል። ጎፍ ያሰበው ግን የከተማው ሰው ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ለበጎ ሥራ የመደበውን ሀብት በአንድ ግምጃ ቤት እንዲያኖርና ከሕያዋን ዜጎች የተመረጠ ጉባኤ ዘመኑ የሚጠይቀውን እያየ እንዲያከፋፍለው ነበር። ዐሳቡ የተባረከ ነበር፤ አርኣያውን የተከተሉ ፋውንዴሽኖችም ዛሬ በዚያ አገር በመቶዎች ይቈጠራሉ።

ነገር ግን ጉባኤዎቹ በዘመን ብዛት አንድ ክፉ ልማድ አጸኑ። ድጋፍ የሚጠይቃቸውን ማኅበር ትተው «ፕሮግራሙን» ብቻ ይረዳሉ፤ ለ12 ወር፣ በፕሮፖዛሉ ላይ ለተዘረዘረው ሥራ ብቻ ይሰጣሉ፤ ከተሰጠውም ገንዘብ ለቤት ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለጸሐፊና ለሒሳብ ሠራተኛ የሚውለው እጅግ ጥቂት ወይም ምንም እንዳይሆን ያስገድዳሉ። ገንዘቡን ከሙት እጅ ያወጣው ተቋም በሕያው እጅ መልሶ አሰረው ማለት ነው፤ የምቃወመውም ይህንን ነው።

በዚያው አገር በአንድ አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ማኅበር በጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት፣ ለልጆች የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ከእንዲህ ያለ ፋውንዴሽን ድጋፍ አግኝተን ነበር። ደስታችንም ታላቅ ነበር። በገንዘቡ የፊደል ገበታና ደብተር ገዛን፣ ለመምህሯም የመጓጓዣ ቈረጥንላት፤ ለአዳራሹ ማሞቂያ የጠየቅነው ግን «የአስተዳደር ወጪ» ተብሎ ከበጀቱ ተሰረዘ። በጥር ወር ልጆቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይቀመጡ ነበር፤ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በሱፍ ጓንት እርሳስ ይዛ የ«ጠ»ን ሦስት እግሮች ለማቆም ስትታገል እስካሁን በዓይኔ ላይ አለች። በዓመቱ መጨረሻ የላክነው ሪፖርት ስንት ልጆች እንደ ተመዘገቡና ስንት ክፍለ ጊዜ እንደ ተማሩ ይናገራል፤ ስለ ብርዱ የሚጻፍበት ቦታ ግን አልነበረውም።

በዚያው ክረምት አንዲት አረጋዊት እናት፣ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት የተላከላቸውን ደብዳቤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ሊያስወጣኝ ነው ወይስ ሊያስቀምጠኝ?» አሉኝ። በስልክ እያስተረጐምኩላቸው፣ ተራ ስጠብቅና ስከራከር ቀኑ መሸ፤ ቤታቸውም ጸናላቸው። ይህ ሥራ በማናቸውም ፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ አልነበረም፤ ሊደረግ የቻለው ማኅበሩ በሩን ከፍቶ፣ ስልኩን ከፍሎ፣ ሰው አስቀምጦ ስለ ቈየ ብቻ ነው። እንደ እኔ እምነት የአንድ ማኅበር ትልቁ አገልግሎት ይህ የበሩ መከፈት ነው፤ ልማዱ የሚነፍገውም ይህንኑ ነው።

አባቶቻችን ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ነገሥታቱ ደብርና ገዳም ሲተክሉ ጉልትና የሰሞን መሬት የሰጡት ካህኑና ዲያቆኑ፣ ዐቃቤ ንዋዩና ደወል ደዋዩ ሳይቀሩ ዓመት እስከ ዓመት የሚኖሩበት ሲሳይ እንዲያገኙ ነው፤ አገልጋዩ ካልበላ ማኅሌቱ እንደማይቆም ተረድተዋልና። የዚያ ሥርዓት ሸክም በገባሩ ጫንቃ ላይ መውደቁን አልረሳሁም፣ እንዲመለስም አልመኝም፤ ዳሩ ግን አገልግሎትን ወዶ አገልጋዩን መንፈግ እንደማይቻል ያወቁት እውቀት እውነት ነበር።

የለጋሾቹ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በአስተዳደር ስም የተዘረፈ ገንዘብ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ሌባ በፕሮግራም ስምም ይሰርቃል፤ ሌብነትን የሚገታው የወጪውን ዓይነት መከልከል ሳይሆን ቍጥጥር ነው። በእድራችን ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባላቱ ፊት ሒሳብ ያቀርባሉ፤ ለጥሩምባ ነፊውና ለዕቃ ጠባቂው የሚከፈለው ገንዘብ ግን ማንንም አሳፍሮ አያውቅም፣ ያለ እነርሱ ለቀብር የሚጠራም ድንኳኑን የሚያወጣም የለምና። በአሜሪካም ራሳቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመዝኑት ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ለለጋሾች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ የአስተዳደር ወጪ መጠን ብቻውን የድርጅት መመዘኛ ሊሆን እንደማይገባ አስታውቀዋል። ደብዳቤው ከተጻፈ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልማዱ ግን አልተነቀለም።

የአስተዳደር ወጪን የመገደብ ዐሳብ በአገራችንም ሕግ እስከ መሆን ደርሷል። በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 621 የማኅበራት የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። በ2011 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቍጥር 1113 ብዙ እስራት የፈታና የአስተዳደር ወጪንም ትርጓሜ ያጠበበ ቢሆንም፣ ጣሪያውን ራሱን ወደ 20 በመቶ አወረደው።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖቹ ለራሳቸው የመደቡት ዕድሜ ግን ሌላ ነው። በቋሚ ሀብትነት የተቀመጠው ዋናው ገንዘብ እንዳይነካ ይጠበቃል፤ የሠራተኞቻቸው ደመወዝና የጽሕፈት ቤታቸው ወጪ ከሚያስተዳድሩት ገንዘብ ላይ በሚቈረጥ ክፍያ ይሸፈናል። የአሜሪካ ሕግም በግል ፋውንዴሽኖች ላይ በያመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህል እንዲያወጡ ግዴታ ሲጥል፣ በማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ላይ ይህን አልጣለም። ለራስ ዘለዓለምን፣ ለተረጂው ማኅበር 12 ወርን መመደብ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ በእነዚህ ጉባኤዎች ውስጥ የተቀመጣችሁ፣ ይልቁንም ከእኛው ወገን ተመርጣችሁ ወንበር የያዛችሁ፣ በሚመጣው የበጀት ስብሰባ ይህን አሳስቡልን፤ ድጋፉ ለ3 ዓመት ይሁን፤ ኪራዩ፣ ማሞቂያውና የጸሐፊው ደመወዝ ሳይሰረዙ በወጪው ዝርዝር ይግቡ፤ እኛም ሒሳባችንን በኦዲተር አስመርምረን እናቀርባለን። ያ የቅዳሜ ትምህርት ድጋፉ ባለቀበት ወር ተዘግቷል፤ የፊደል ገበታው ተጠቅልሎ እስካሁን በእኔ ቤት ይገኛል።