የሰው ወርቅ አያደምቅ

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከእኔ ቤት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ በቅርቡ የግል ድረ ገጹን እንዳይለት ጠራኝ። ኮምፒዩተሩን ከፈተ። መደቡ ጥቁር፣ ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ፣ መሐል ላይ በክብ የተቆረጠ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ደግሞ የችሎታው መለኪያ የተባሉ ባለቀለም መስመሮች። አንዱን ቋንቋ 90 በመቶ፣ ሌላውን 85 በመቶ ያውቃል። «በምን ተለክቶ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። በሥራዎቹ ዝርዝር የተደረደሩት የአየር ጠባይ መንገሪያና የዕለት ተግባር ማስታወሻ ናቸው፤ ጀማሪ ሁሉ ከማስተማሪያ ቪዲዮ እያየ የሚሠራቸው መልመጃዎች። ይህ ልጅ ግን የሠፈራችንን ዕድር መዋጮ መመዝገቢያ ሠርቶ ጸሐፊያችንን ከደብተር ክምር ያሳረፈ ልጅ ነው። ያ ሥራ በገጹ ላይ የለም። ለምን ብለው፣ «እሱማ የሠፈር ነው» አለኝ።

የተቆጣሁት ይህን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሌሎች ወጣት ባለሙያዎችን ገጾች አገላብጫለሁ። ስሙን በእጅ ቢሸፍኑት የማን የማን እንደሆነ አይለይም። በዓለምም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው በጂኦሲቲስ ተራው ሰው ገጹን እንደ ገዛ ቤቱ ደስ ያለውን ቀለም ይቀባው ነበር። ያሁ በ1999 ገዝቶ፣ በ2009 የአሜሪካውን አገልግሎት ዘጋው። ብዙዎቹ ገጾች አስቀያሚ እንደነበሩ አልክድም፤ ባለቤት ግን ነበራቸው።

ለመሆኑ የታክሲዎቻችንን ነገር አስተውላችኋል? ሚኒባሱ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ቀለሙን ባለንብረቱ አልመረጠውም። ሾፌሩና ረዳቱ ግን ውስጡን በጥቅስና በተረብ ሞልተው የራሳቸው አድርገውታል። የታዘዘው ታክሲ መልክ ሲያወጣ፣ ማንም ያላዘዘው የኮምፒዩተር ባለሙያ በገዛ ፈቃዱ መለዮ ይለብሳል!

«ቀጣሪው ውጭ አገር ነው፤ የለመደውን ይፈልጋል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለበት፤ እንግሊዝኛው ይኑር። ዳሩ ግን መቶ ተመሳሳይ ገጽ ያየ ቀጣሪ መቶ አንደኛውን በምን ያስታውሰዋል? የአየር ጠባይ መንገሪያውን ሌሎቹም ሠርተውታል። የላፍቶን ዕድር ችግር የፈታ ግን አንድ እሱ ነው።

የፊደልም ነገር አለ። ፊደላችን በዩኒኮድ ከተካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኙ የፊደል ቅርጾችም ሞልተዋል። እንግዲህ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዳንዱ አማርኛ ልጻፍ ሲል እንኳ እንደ ላቲኑ ያጋድመዋል፤ መስመሩንም ያጨናንቀዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን የሚከበረውን ስም በቀይ ቀለም ለዩ፤ የምዕራፉን ራስ በሐረግ አስጌጡ። ጥቁር፣ ቀይና የብራናው ወለል፦ ሦስት ቀለም ብቻ! ለደካማ ኔትወርክ ከዚህ የቀለለ ገጽ ከየት ይመጣል? ብራናን እንዳለ ገልብጡ ማለቴ አይደለም፤ እሱም ሌላ ልብስ መዋስ ነው። ከቤታችሁ ዕቃ ምን እንዳለ ሳታዩ ጎረቤት አትሂዱ ነው የምለው።

በዚያን ቀን እናቱ ቡና እያፈሉ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ። «ምን ይላል?» አሉት። «ስለ እኔ ነው» አላቸው። ማንበብ የሚችሉ፣ እድሜ ልካቸውን አማርኛ ያነበቡ ሴት፣ ስለ ልጃቸው ከተጻፈው ሁሉ የለዩት ፎቶግራፉን ብቻ ነበር።