የአንበስ ነገር

የልጅ ልጄ ክርስትና የፊታችን እሑድ አዲስ አበባ ነው። ወንድ ነውና በ40 ቀኑ ይነሣል። ልጄ «እማዬ፣ ለአራስነቴም አልደረስሽልኝም፤ አሁንስ አንድ ወር ተቀመጪልኝ» ትላለች። እኔን ሐዋሳ ላይ ያሰረኝ አንበስ ነው። 14 ዓመት ደጄን የጠበቀ ውሻ ዛሬ ኩላሊቱ ደክሞ ጥላ ሥር ይውላል። ጎረቤቴ «ለውሻ ብለሽ ከክርስትና ልትቀሪ?» ብላ ሳቀች። አልፈረድኩባትም።

ነርስ ነበርኩና እንደ በሽተኛ አየሁት። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ከ30 በታች ነው። ድዱ አልገረጣም። ውኃ ይጠጣል፤ ለሽንት ራሱ ይነሣል። ያለ ጨው የቀቀልኩለትን ዓሣ ግን ትናንት አሽትቶ ተወው። የእንስሳት ሐኪሙ «ሳምንትም፣ ወርም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ይህን ቃል እኔም ለስንቱ አስታማሚ ብያለሁ!

ወሩን ትቼ ሁለት ሌሊት ብቻ ላድር ወሰንኩ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢጠሩኝ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ውኃውን የሚቀይርለት የጎረቤቴ ልጅ ነው። ለእሱ በወረቀት የሐኪሙን ስልክ ጻፍኩለት፤ ከሥሩም በትልቁ «አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ፓራሲታሞል እንዳትሰጠው» አልኩ። ለእኛ ማስታገሻ የሆነው ክኒን ውሻን ሊገድል ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አሳዝኖኝ ልሰጠው አውጥቼ ነበር።

ለሐኪሙ ደግሞ፣ ከተሠቃየ እኔን እንዳይጠብቅ ነገርኩት። ይህን ለማለት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ማታ ለልጄ ደውዬ ሁለት ሌሊት ብቻ መሆኑን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ይበላል?» አለችኝ። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት።