የትዳር ቪዛና የገቢ ሚዛን፦ የገጠር ሀብት ለምን ከቁጥር አይገባም?

ሽማግሌ ተልኳል፣ ጥሎሽ ተሰጥቷል፣ ድግሱም አልፏል። ሙሽራው ከሠርጉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደሚኖርበት አሜሪካ ሲመለስ፣ ሙሽሪት በወላጆቿ ቤት ሆና የቪዛዋን ጉዳይ መጠበቅ ትጀምራለች። ይህ ታሪክ ዛሬ ለከተማው ብቻ ሳይሆን ለገጠሩ ቀበሌም እንግዳ አይደለም። ቤተሰቡ የሚጨነቀው ስለ ጋብቻ ማስረጃው፣ ስለ ፎቶግራፉና ስለ ቃለ መጠይቁ ነው። ይሁን እንጂ የትዳሩ እውነተኛነት ምንም ጥርጥር ባይኖርበትም ጉዳዩን ሊያስቆም የሚችል ሌላ ሚዛን አለ፤ እርሱም የስፖንሰሩ ገቢ ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ በፈረንጆቹ 1996 ባጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ ማሻሻያ መሠረት፣ የትዳር ጓደኛውን በቋሚ ነዋሪነት ቪዛ የሚወስድ ሰው የድጋፍ ቃለ መሐላ የመፈረም ግዴታ አለበት። ሰነዱ በይፋ ቅጽ አይ-864 ይባላል። ከዚያ በፊት ይፈረም የነበረው የድጋፍ ደብዳቤ ከሞራል ግዴታ ያለፈ ጉልበት አልነበረውም። ከ1997 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሰነድ ግን በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ነው። የሕጉ ዓላማ አዲሱ መጤ በመንግሥት ድጎማ ላይ ጥገኛ እንዳይሆን አስቀድሞ ዋስ መያዝ ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

መለኪያው የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የድህነት ወለል ነው። የስፖንሰሩ ገቢ ቢያንስ የዚህን ወለል 125 በመቶ መሙላት ይኖርበታል። በመደበኛ የውትድርና አገልግሎት ላይ ሆኖ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን ለሚወስድ ሰው ብቻ 100 በመቶው ይበቃል። በ2025 ሠንጠረዥ መሠረት፣ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር፣ ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይጠየቅ የነበረው ዓመታዊ ገቢ 26,437 ዶላር ነበር። ለሦስት ሰው 33,312፣ ለአራት ሰው ደግሞ 40,187 ዶላር ይደርስ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች በብር ሲመነዘሩ ግዙፍ ስለሚመስሉ፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ «አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን እንዴት ያጣል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ያለው በሰዓት ክፍያው ላይ ነው። ከ2009 ወዲህ ያልተለወጠው የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በዚህ ክፍያ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው የሚያገኘው 15,080 ዶላር ብቻ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግዛት የ2025 ዝቅተኛ ክፍያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ስለነበር ዓመታዊ ገቢው ወደ 25,812 ዶላር ከፍ ይል ነበር። ይህም ቢሆን በዚያው ዓመት ከሚፈለገው በ625 ዶላር ገደማ ያንስ ነበር። በጎረቤቷ ሜሪላንድ በሰዓት 15 ዶላር የሚከፈለው ሠራተኛ 31,200 ዶላር ስለሚያገኝ ለሁለት ሰው ይበቃዋል፤ አንድ ልጅ ካለው ግን እንደገና ከመስፈርቱ በታች ይወድቃል።

የቤተሰብ ቁጥሩም ብዙዎችን ያሳስታል። ስፖንሰሩ ራሱን፣ የምትመጣውን ባለቤቱንና በእርሱ ሥር የሚተዳደሩ ልጆቹን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው። ቀደም ሲል በዚሁ ቅጽ ፈርሞ ያስመጣቸው፣ ግዴታው ገና ያልተነሣላቸው ሰዎችም ይደመራሉ። እናቱን ወስዶ የልጅነት ወጉን የተወጣ ሰው፣ ተራው የሚስቱ ሲሆን የሚጠየቀው ገቢ በአንድ ሰው ድርሻ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል።

በታክሲና በኡበር ሥራ የተሰማሩ ወገኖች ደግሞ የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ለእነርሱ ዋናው መመዘኛ በእጃቸው የገባው ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን የነዳጅ፣ የጥገናና የመሳሰሉት ወጪዎች ተቀንሰው በግብር ማስታወቂያቸው ላይ የሚሰፍረው የተጣራ ገቢ ነው። በሚያዝያ ግብሩን ያቀለለለት ወጪ፣ በቪዛው ጊዜ ገቢውን ያሳነሰበት ምክንያት ሆኖ ይመጣል።

በሬውና ማሳው ለምን አይቆጠሩም?

ገቢው ያነሰው ስፖንሰር በሀብት ማካካስ ይችላል። አሜሪካዊ ዜጋ ለትዳር ጓደኛው ሲፈርም፣ የጎደለውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ የሚያህል የተጣራ ሀብት ማሳየት ይጠበቅበታል። ዜጋ ያልሆነ የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነ ግን አምስት እጥፍ ይጠየቃል። ከላይ በተጠቀሰው የቨርጂኒያ ምሳሌ፣ ዜጋ የሆነ ሠራተኛ 1,875 ዶላር ያህል ቁጠባ ቢኖረው ጉድለቱ ይሞላ ነበር።

የምትመጣዋ ሚስት ሀብትም ሊታሰብ ይችላል። የገጠሩ ቤተሰብ ተስፋ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያዝነውም እዚሁ ላይ ነው። ለአብነት አባቷ ሁለት ጥማድ በሬ፣ ላሞች፣ ለም ማሳና ለሽያጭ የደረሰ የባሕር ዛፍ ደን አላቸው እንበል። በአካባቢው ዓይን ይህ ቤት የሞላ ቤት ነው። በቪዛው ስሌት ግን የአባት ሀብት የልጅ ሀብት አይደለም። የሚቆጠረው የስፖንሰሩ፣ አብሮት የሚኖርና ለመርዳት የፈረመ የቤተሰቡ አባል ወይም የራሷ የባለጉዳይዋ ንብረት ነው። አባቷ ተባባሪ ስፖንሰር ልሁን ቢሉም አይችሉም፤ ተባባሪው ኑሮው አሜሪካ ውስጥ የሆነ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበትና።

ሙሽሪት በስሟ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቢኖራትስ? ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ የሚችል መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት ደግሞ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ይህን መብት ለብድር ዋስትና ማስያዝ ቢፈቅድም፣ ብድር ዕዳ እንጂ ሀብት አይደለም። ከእርሻ የሚገኘው ገቢም አይረዳም። የሚስቲቱ ገቢ የሚታሰበው አሜሪካ ከገባች በኋላ ከዚያው ምንጭ የሚቀጥል ከሆነ ነው፤ ማሳዋን ለሌላ ትታ የምትሄድ ሴት ይህን ማረጋገጥ ይቸግራታል።

ከብትና ቤት በመርህ ደረጃ ሊሸጡ ይችላሉ። ነገር ግን ባለቤትነትንና ዋጋን የሚያሳይ ሰነድ ይፈልጋሉ። የተሸጠበትን ብር ወደ ዶላር ለውጦ ከአገር ማውጣትም በውጭ ምንዛሪ ደንብ የተገደበ ነው። በመሆኑም ትውልድ ያፈራው ጥሪት ሙሽሪትን ለማሻገር አቅም ያጣል።

የተባባሪው ፊርማ ክብደት

ቀሪው መንገድ ተባባሪ ስፖንሰር መፈለግ ነው። ተባባሪው ዘመድ እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም፤ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላና ለራሱ ቤተሰብና ለምትመጣዋ ሴት የሚበቃ ገቢ ያለው መሆን አለበት። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ለሙሽሪት ሲፈርም አምስት ሰው ስለሚቆጠር፣ በ2025 ሠንጠረዥ 47,062 ዶላር ማሳየት ነበረበት። ባልየውም ቢሆን ከፊርማ አያመልጥም፤ ገቢው አነሰም በዛ የራሱን ቅጽ ያስገባል።

በአገራችን ለወዳጅ ዋስ መሆን የቆየ ወግ ነው። ሆኖም የዚህ ዋስትና ዕድሜ ከለመድነው ይረዝማል። ግዴታው የሚያበቃው የመጣችው ሴት ዜግነት ስታገኝ፣ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆን የ40 ሩብ ዓመት ሥራ ሲመዘገብላት፣ ቋሚ ነዋሪነቷን ትታ ከአሜሪካ ስትወጣ ወይም ሞት ሲለይ ነው። ፍቺ ግዴታውን አይሰርዝም። ባልና ሚስቱ ቢለያዩ እንኳ ለገቢ አነስተኛ ሰዎች የሚሰጥ ድጎማ ከተቀበለች፣ ድጎማውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከፈራሚው ሊጠይቅ ይችላል። እርሷም የተገባላት ድጋፍ እንዲሟላላት ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አላት።

ይህን የማያውቅ ሰው «ወረቀት ብቻ ነው» ተብሎ ይፈርማል። ክብደቱን የሚያውቅ ደግሞ ለወንድሙ እንኳ ሲያመነታ ይታያል፤ ማመንታቱም በዘመድ መካከል ቅያሜ ያስከትላል። ክፍተቱን የሚሞላው ደላላ ሲሆን አደጋው ይብሳል። በገንዘብ የተገዛ ፊርማ ወይም የተጭበረበረ የግብር ሰነድ ከተገኘ ጉዳዩ ከገቢ ማነስ ወጥቶ ማታለል ይሆናል፤ ይህም አመልካችዋን ለዘለቄታው ከቪዛ ሊያግዳት ይችላል።

ከቀጠሮው በፊት

በገጠሩ አካባቢ የተለመደው ዲቪ ይህን ቅጽ ስለማይጠይቅ፣ ብዙ ቤተሰቦች የትዳር ቪዛንም በዚያው ዓይን ያዩታል። ልዩነቱ ግን ገና ማመልከቻው ሲገባ መታወቅ አለበት። የባል ማመልከቻ ከጸደቀ በኋላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል፤ የገንዘብ ሰነዱ የሚቀርበውም በዚያ ደረጃ ነው። የቅርብ ዓመት የግብር ማስታወቂያ፣ የደመወዝ ማስረጃና የአሠሪ ደብዳቤ አስቀድመው ቢዘጋጁ ጉድለቱ አዲስ አበባ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ ድንገት አይገለጥም። በዚያ ደረጃ ሰነዱ በቂ አይደለም ከተባለም በሩ ወዲያው አይዘጋም፤ የጎደለውን ለማሟላት የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጣል።

የሕጉ ደጋፊዎች መስፈርቱ ግብር ከፋዩን ይጠብቃል ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ከትዳር ጓደኛ ጋር መኖርን የገቢ ጉዳይ አድርጎታል ሲሉ ይሞግታሉ። ለገጠሯ ሙሽሪት ግን ክርክሩ ከመጠበቅ አያድናትም። በወላጆቿ ቤት የምታሳልፈው እያንዳንዱ መኸር ለልጅ፣ ለትምህርትና ለራስ ጎጆ የታሰበ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ ስለ ጥሎሹ እንደሚነጋገሩት ሁሉ፣ ስለ ባልየው የግብር ወረቀትም አስቀድሞ መነጋገር ለሁለቱም ወገን ነውር ሊሆን አይገባም።