በመቀሱ ላይ የቀረበው ክስ

በሳይንሳዊ ልብ ወለድና በልዕለ ጀግና ፊልሞች ወዳጆች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም በሲኒማ ቤት የታየው ፊልም ከገንዘብ በቀር ሌላ በማያሳስባቸው ፕሮዲውሰሮች እጅ የተጎሳቆለ ሥራ ነው፣ እውነተኛው ፊልም ያለው ተቆርጠው በተጣሉት ትዕይንቶች ውስጥ ነው የሚል ነው። «የዳይሬክተሩ ቅጂ» የሚባለው የንግድ ስያሜ የሚኖረው በዚህ እምነት ላይ ተደግፎ ነው፤ ፊልሙ ለሕዝብ ከቀረበ ከዓመታት በኋላ በዳይሬክተሩ ምርጫ ተስተካክሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም የተጣለው ተመልሶበት፣ እንደገና የሚወጣ ዕትም ማለት ነው። ስያሜው የመጀመሪያውን ቅጂ ጎዶሎ፣ የኋለኛውን ምሉዕ አስመስሎ ስለሚያቀርብ፣ አንድን ተመልካች ለአንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ለማስከፈል ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። እምነቱ የሚዘነጋው ግን አርትዖት፣ ማለትም የተቀረጸውን ምስል መርጦ፣ ቆርጦና አጋጥሞ ታሪክ የማድረግ ሥራ፣ ራሱ ፈጠራ መሆኑን ነው።

ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው «ኤሊየን» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በፊልሙ መገባደጃ ላይ፣ ብቻዋን የቀረችው ሪፕሊ ከመንኮራኩሩ ለማምለጥ በምትጣደፍበት ሰዓት፣ የመንኮራኩሩን አዛዥ ዳላስን ሠራተኞቹን በፈጀው ፍጡር ልጋግ ተጠፍሮ፣ ነፍሱ ሳትወጣ እንድታገኘው፣ እንድትገድለውም ሲለምናት እሳት በሚተፋው መሣሪያዋ እንድታቃጥለው የሚያደርግ ትዕይንት ተቀርጾ ነበር። ትዕይንቱ በራሱ ሲታይ የሚዘገንንና በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም ሩጫው ትንፋሽ ሊያሳጥር በሚገባው ቦታ ላይ ታሪኩን ገትሮ ስለሚያቆመው ወጣ። የቆረጣው ትርፍ በዚህ አላበቃም፤ በዚያው ትዕይንት ሌላው ሟች ብሬት ቀስ በቀስ ወደ ፍጡሩ እንቁላልነት ሲለወጥ ይታይ ስለነበር፣ ትዕይንቱ ቢቀር ኖሮ እንቁላሉ ከሰው ገላ እንደሚገኝ በ1979 ተነግሮ ባለቀ ነበር። ትዕይንቱ በመውጣቱ ግን እንቁላሎቹን የሚጥለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ጄምስ ካሜሮን በ1986ቱ «ኤሊየንስ» ያመጣት ንግሥት፣ በዘርፉ ከተፈጠሩት ፍጡራን ሁሉ ምናልባት እጅግ የምታስፈራው፣ የገባችው በዚያ ክፍት በር ነው። በ2003 የዳላስ ትዕይንት ተመልሶ «የዳይሬክተሩ ቅጂ» የሚል ስም ያለው ዕትም ሲወጣ ደግሞ ስኮት ራሱ በዋናነት የሚቀበለው የ1979ኙን መሆኑን ገለጸ። ስያሜው በስሙ የሚነግድበት ሰው ሳያምንበት ሌላው እንዲያምንበት መጠየቁ የሚያስገርም ነው።

ካሜሮንም ቢሆን ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ወደ «ኤሊየንስ» ረጅም ዕትም ከተመለሱት መካከል ሪፕሊ ልጇ አርጅታ መሞቷን የምትሰማበት ትዕይንት፣ ለታዳጊዋ ኒውት የምታሳየውን እናትነት መሠረት ስለሚሰጠው፣ መመለሱ ተገቢ ነበር። ሰፋሪዎቹ ከመጥፋታቸው በፊት የሚታዩበት ክፍል ግን ወታደሮቹ ወደ ጨለማው ሲገቡ ተመልካቹ አብሯቸው ሊደናገጥበት የሚገባውን ነገር አስቀድሞ ይነግረዋል። በስቲቨን ስፒልበርግ ላይ የደረሰው ከዚህ ይከፋል፤ በ1977 ያወጣውን «ክሎዝ ኢንካውንተርስ»ን ለማስተካከል ገንዘብ ሲጠይቅ ኩባንያው የእንግዶቹን መንኮራኩር ውስጥ ካሳየህ በሚል ግዴታ ሰጠው፣ የ1980ው ዕትምም ውስጡን አሳየ። ቅኔ ከሰሙ ጋር ወርቁ ተፈትቶ ቢቀርብ ምን እንደሚቀረው የሚያውቅ ሰው ውጤቱን ለመገመት አይቸገርም፤ ስፒልበርግም በ1998ቱ ዕትም ያንን ክፍል አውጥቶ ጣለው።

የእምነቱ ጠበቆች በዚህ ጊዜ «ብሌድ ራነር»ን መጥቀሳቸው አይቀርም፤ ምሳሌውም በእርግጥ ብርቱ ነው። በ1982 የሙከራ ተመልካቾች ግራ በመጋባታቸው የሃሪሰን ፎርድ ተራኪ ድምፅ ተጨመረበት፣ ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» ካስቀረጸው ትርፍ የተራራ ምስል ተወስዶም የደስታ ፍጻሜ ተቀጠለለት፤ በ1992 ሁለቱም ሲነሡ ፊልሙ ወደ ክብሩ ተመለሰ። ይሁንና የተደረገውን ልብ ብሎ ለሚያይ፣ ፊልሙን ያዳነው ከጥቂት ሰከንዶች የባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ሕልም በቀር ጭማሪ አልነበረም፤ መቀስ ነበር።

እውነተኛ በደል የተፈጸመበት ፊልም ቢፈለግ «ሱፐርማን 2» ይገኛል። ሪቻርድ ዶነር የመጀመሪያውን «ሱፐርማን» (1978) እና ተከታዩን ጎን ለጎን ሲቀርጽ ቆይቶ፣ የሁለተኛውን ብዙ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ፕሮዲውሰሮቹ አሰናብተውት ሥራው ለሪቻርድ ሌስተር ተሰጠ፤ ማርሎን ብራንዶ የተቀረጸበት ምስልም በክፍያ ጠብ ምክንያት ሳይገባ ቀረ። በ2006 የዶነር ዕትም ሲወጣ ብራንዶ ተመለሰ፤ ነገር ግን ጨርሶ ያልተቀረጸ አንድ ዋና ትዕይንት ተዋናዮቹ ለሚናው በተፈተኑበት ምስል ተሞላ። ለሁለተኛው ታስቦ ወደ መጀመሪያው ፊልም የተዛወረው ጊዜን ወደኋላ የመመለስ ፍጻሜም ዳግመኛ ስለገባ፣ ሁለቱ ፊልሞች በአንድ ዓይነት መላ ያልቃሉ። ለተበደለ ሰው ፍትሕ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የተዋጣለት ፊልም ማግኘት ሌላ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ የሚታገሡት ነው፤ አሮጌውም አዲሱም ስላለ ተመልካች ይመርጣል። ጆርጅ ሉካስ በ«ስታር ዋርስ» ላይ ያደረገው ግን ምርጫውንም የነጠቀ ነው። ሃን ሶሎ ዕዳ ካለበት ከጃባ ጋር የሚነጋገርበት ትዕይንት ጃባን ሰው ተጫውቶት ተቀርጾ ነበር፤ ተቆርጦ ሲወጣ፣ የዕዳው ወሬ ሶሎ በመጠጥ ቤት ከግሪዶ ጋር በሚያደርገው ንግግር ተሸፈነ። በ1997 ጃባ በኮምፒውተር ተሥሎ ትዕይንቱ ሲመለስ ተመልካች የሰማውን ያንኑ ወሬ ደግሞ ይሰማል፤ በስሙ ብቻ ሲያስፈራ የቆየውና በ1983 በግዙፍ ገላው የተገለጠው ጃባም ገና በመጀመሪያው ፊልም ሶሎ ጅራቱን ረግጦት የሚያልፍ መሣቂያ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የ1977ቱ ቅጂ በ2006 በዝቅተኛ ጥራት ለዲቪዲ ማሟያ ከመሆኑ በስተቀር ለረጅም ዓመታት ከገበያ ተሰውሮ ቆየ። ይህን ያደረገው በ1988 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የቆዩ ፊልሞችን ቀለም መቀባትንና መለወጥን አጥብቆ የተቃወመው ያው ሉካስ ነው። «ስታር ዋርስ» በ1978 የምርጥ አርትዖት ኦስካር ሲሸለም ግን የጃባ ትዕይንት አልነበረበትም።