ሰው ስንል የትኛው ሰው?

«ደኑ ደግ ነው፤ የሰው ልጅ ክፉ ነው።» ባለፈው ሰንበት ላፍቶ ተሰብስበን «ልዕልት ሞኖኖኬ» የተባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም ካየን በኋላ አብዛኞቻችን ይዘነው የወጣነው ፍርድ ይኸው ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ ክርክሩም ከዚያ አላነሰም። ለዚህች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ያን ያህል መድከም አያስፈልግም ነበር፤ ከአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አጥር ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተጽፋ እናነባታለን።

ጓደኞቼ አይቀየሙኝ። ፊልሙን ለማመስገን አልተነሣሁም፤ አመስጋኝ አላጣም። በ1989 ዓ.ም. ክረምት በጃፓን ሲኒማ ቤቶች በታየ ጊዜ ከዚያ በፊት የነበረውን የገቢ ክብር ሁሉ ወስዷል፤ ከሱ የወሰደበት በኋላ የመጣው «ታይታኒክ» ነው። ያሜሪካው ሐያሲ ሮጀር ኢበርትም በፈረንጆች 1999 ካያቸው ምርጥ ፊልሞች መካከል ቆጥሮታል። የተነሣሁት አመስጋኞቹን ለመንቀፍ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አሺታካ የተባለ የሩቅ መንደር ልጅ፥ መንደሩን ሊያጠፋ የመጣ ያበደ ከርከሮ ይገድልና ክንዱ በርግማን ይመረዛል። በከርከሮው ሥጋ ውስጥ የብረት ጥይት ይገኛል። ልጁ ጥይቱ ከየት እንደ መጣ ሊፈልግ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከአንዲት የብረት ማቅለጫ ከተማ ይደርሳል። የከተማዪቱ አለቃ ወይዘሮ ኤቦሺ ናት። ብረቱን ለማውጣት ተራራውን ትመነጥራለች፤ የደኑ ጠባቂዎች ተኩላዎችና ከርከሮዎች ይዋጓታል፤ ተኩላ ያሳደገቻት ሳን የምትባል ልጅም ልትገድላት ትመጣለች።

«የልጆች ነገር ነው» ላሉት ሁለት መስመር ብቻ እሰጣለሁ። በቀስት ክንድ የሚቆረጥበትን፥ ራስ የሚበርበትን ሥራ የልጆች ነው ያለ ሰው ሥዕል መሆኑን ሰማ እንጂ ሥዕሉን አላየም። «ረዝሟል፥ ቢያጥር ይሻላል» ያሉት ግን ብቻቸውን አይደሉም፤ ባሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ፊልሙን ሊቆርጥ ቢያስብ፥ የደራሲው የሃያኦ ሚያዛኪ የሥራ ባልደረባ ጎራዴ ልኮለት እንዳይቆርጥ አስጠነቀቀው ይባላል።

ትንሽ ቆም ማለት የሚገባኝ «ባዕድ አምልኮ ነው» ካሉት ዘንድ ነው። ዛፍ መንፈስ አለው፥ ተኩላ ይናገራል፥ የደኑ አምላክ በሌሊት ይዞራል፤ ይህ ለኛ ምን ይረባናል ተባለ። ለመሆኑ እንዲህ የሚሉት የት አገር ያደጉ ናቸው? አድባር የሚለው ቃል ከቶኪዮ አልመጣም። እናቶቻችን ቅቤ የቀቡት ዋርካ፥ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡበት ኦዳ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ጥድና ወይራ በጃፓን አልበቀለም። ይልቁንም ፊልሙን ያየንበት ሠፈር ስሙ ራሱ ዛፍ ነው፤ ላፍቶ ማለት በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ነው። የዛፉ ስም በታክሲ ረዳቶች አፍ ላይ ሲጠራ ይውላል። ዛፉን ከሕንፃዎቹ መካከል ፈልጎ ላሳየኝ ግን ቡና እጋብዛለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። «ሰው ክፉ ነው» ሲባል፥ የትኛው ሰው? ብሎ የሚነሣ አንድ ጠያቂ መጥፋቱ ያሳዝናል። በፊልሙ ውስጥ ሰው የሚባለው አንድ ወገን አይደለም። ወናፉን ሌትና ቀን በእግራቸው የሚረግጡ ሴቶች አሉ፤ ኤቦሺ ከተሸጡበት ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገንዘብ ከፍላ ያወጣቻቸው ናቸው። ጠመንጃውን የሚሠሩ፥ ገላቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሕሙማን አሉ፤ ሌላው ሲጸየፋቸው እሷ ቁስላቸውን አጥባ ያስጠጋቻቸው ናቸው። በሬ የሚነዱ፥ ሩዝ የሚያመላልሱ አሉ። ሌሎቹ ያቀለጡትን ብረት ሊነጥቅ ጦር ሰብስቦ ከተማዪቱን የሚከብብ ባላባት አለ። ከሁሉም በላይ ፊቱን አንድ ጊዜ እንኳ የማናየው ንጉሠ ነገሥት አለ። የደኑን አምላክ ራስ ቆርጣችሁ አምጡልኝ ያለው እሱ ነው፤ ያን ራስ ያገኘ አይሞትም ሲሉት ሰምቷልና። እንግዲህ ወናፍ ረጋጪቱና ዘላለም ልኑር ባዩ በአንድ ቃል «ሰው» ተብለው አንድ ፍርድ ይቀበላሉን? ይህ ፍርድ ለማን እንደሚመች አስቡት። ሁሉ ጥፋተኛ በሆነበት አገር ማንም አይከሰስም።

በጨርቅ ስለ ተጠቀለሉት ሕሙማን ልቀጥል፤ በውይይቱ ስማቸው እንኳ አልተነሣም። ሚያዛኪ ከብዙ ዓመት በኋላ በይፋ እንደ ተናገረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው፤ እሱ ከሚኖርበት አካባቢ ሩቅ ያልሆነ የሕሙማኑ መኖሪያ ነበርና እየሄደ ያይ ነበር። ጃፓን ሕሙማኑን ከኅብረተሰቡ ለይታ የምታግድበትን ሕግ የሻረችው ፊልሙ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ይህ ለላፍቶ ተመልካች የሩቅ አገር ወሬ ነውን? ከኛ ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ አለ። በዚያ ሠፈር በ1920ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት ተመሠረተ። ለሕክምና ከየአውራጃው የመጡት፥ ድነውም ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉት፥ እዚያው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። አዲስ አበባ ደግሞ ቆሻሻዋን የምትደፋበት ቦታ ስትሻ ከነሱ ጎረቤት አገኘች፤ ስሙንም ቆሼ አልነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ፥ ከላዩ ላይ የሚሸጥ ፕላስቲክና ብረት እየለቀሙ ልጅ ያሳድጉ የነበሩ ናቸው። «ተፈጥሮ ሰውን ቀጣች» የሚል ካለ ይሂድና ለለቀስተኞቹ ይንገራቸው። ቆሻሻው የኛ ነበር፤ የየቤታችን፥ የየሆቴሉ፥ የየመሥሪያ ቤቱ ነበር። የሞቱት ግን ሌሎች ናቸው።

ሌላም ነገር ጆሮዬን ወግቶታል። አንዱ ጓደኛችን ስለ ኤቦሺና ስለ ብረት አቅላጮቿ ሲናገር «ርኩሳን» አለ። ቃሉን ከየት እንዳመጣው አወቅሁ። እኛ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብና ቡዳ ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። በቀጠቀጠው ማረሻ አርሰን፥ በቀጠቀጠው ማጭድ አጭደን፥ ምሳችንን ስንበላ ከዓይኑ ተሸፈንን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ታዲያ የኛ ተመልካች ከሰል የጠቆረ ፊት አይቶ ሲቆጣ ለደን የተቆረቆረ ይመስለዋል። እኔ ግን የድሮው ንቀት አረንጓዴ ሸማ ለብሶ የመጣ መስሎኛል። በክርክሩ መካከል የጠጣነው ቡና የፈላውም በከሰል ነው፤ ስለ ከሰል ሻጪቱ «ደን አጥፊ» እያልን ፉት አልነው።

ይህን ስል «ልማት ይቅደም፤ ዛፍ በኋላ ይተከላል» ያሉትን መምህራችንን የደገፍኩ እንዳይመስላቸው። መምህራችን ለኤቦሺ ጠበቃ ሆነው ሲቆሙ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጥይቱን ረስተውት ተቀመጡ እንጂ። ታሪኩ የሚጀምረው በጥይቱ ነው። ኤቦሺ የተኮሰችው ለከተማዋ እንጀራ ነው እንበል። ጥይቱ ግን ስሟን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች መንደር ደርሷል፤ የተመረዘውም ከብረቱ አንዲት ማረሻ ያላገኘ ልጅ ነው። ይህን ለመረዳት ከላፍቶ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ መውረድ ይበቃል። ከላይ ቆዳ ፋብሪካው፥ ጋራዡና የየቤቱ መጸዳጃ የለቀቀው እየተቀላቀለ ይወርዳል። በመካኒሳና በለቡ በኩል አትክልተኛው ያንኑ ውኃ ጠልፎ ጎመን ያጠጣል። ከዚያ በታች እስከ አባ ሳሙኤል ድረስ ከብቱ ይጠጣዋል። ተመራማሪዎች በዚህ ውኃና በዚህ አትክልት ውስጥ ክሮምየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ጥይቱ ማለት ይኸ ነው። የላይኛው ተኩሷል፤ የታችኛው ክንዱን ያያል።

ሆኖም ስለ ወንዙ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚወቀሰው ማነው? ጎመን አብቃዩ! «በቆሻሻ ውኃ አብቅቶ መረዘን» ይባላል። ውኃውን ማን እንዳቆሸሸው ጥያቄው ሲደርስ ግን ያቺ የታወቀች ቃል ትመጣለች፤ «የሰው ልጅ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ድኻው ሲያጠፋ ስም አለው፤ ባለ ፋብሪካው ሲያጠፋ የሰው ልጅ ይሆናል።

ስለ ፊልሙ መጨረሻም አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እዚያ ላይ ያጨበጨባችሁ ብዙ ነበራችሁና። የደኑ አምላክ ሞቶ፥ የተቃጠለው ተራራ እንደገና ሣር ሲለብስ «ይኸው ተመለሰ!» ተባለ። ምኑ ተመለሰ? ሳን እኮ ተራራው ቢያገግምም ያ የአምላኩ ደን እንዳልሆነ አስረግጣ ትናገራለች፤ አሺታካን ብትወደውም ሰዎችን ይቅር ማለት እንደማይቻላት ነግራው ወደ ተራራዋ ትመለሳለች። እሱም ብረት ከተማ ሆኖ ሊሠራ ይቀራል። እርቅ አልተፈጸመም።

ይህን ለመረዳት የኛ የአዲስ አበባ ልጆች ከማንም መቅደም ነበረብን። ከተማችን ገና በልጅነቷ ዙሪያዋን ያለውን ጥድና ወይራ ጨርሳ የማገዶ ችግር ቢጠናባት፥ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዞር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ያቆማት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንጦጦን በሩቁ ያየ «እንዴት ያለ ደን ነው» ይላል፤ አረንጓዴነቱ እውነት ነው፤ የድሮው ደን ግን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ መንግሥት ሲያስታውቅም ያው ጭብጨባ ተሰምቷል። መትከሉ ደግ ነው፤ እኛም ተክለናል። ዳሩ ግን የችግኝ ቁጥር የሚነገረው በተተከለበት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ወርዶ የቆጠረውን አንድ ባለሥልጣን እስቲ ጥሩልኝ።

«እንግዲያስ ምን ይደረግ?» የሚል ይኖራል። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከቀሳውስቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው የሠሩትን እዩ። ከብት እየገባ ቡቃያውን ሲበላ፥ ማረሻውም በየዓመቱ ወደ ዛፎቹ ሲጠጋ፥ ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ እያመጣ በደኑ ዙሪያ ካብ ተካበ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ወሰን አገኘ። ገበሬውን ክፉ ብሎ የተሳደበ የለም፤ «ልማት ይቅደም» ብሎ የመነጠረም የለም። ትንሽ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሚያጣ፥ ማን ምን እንደሚያገኝ በስም ታውቆ የተሠራ ነው።

ለማኅበራችን የባህል ክፍል የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ፊልሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ከትንሹ አቃቂ ዳር ጎመን ከሚያበቅሉት፥ ከዘነበወርቅም ጥቂት ሰዎች ይጠሩ፤ የፊት ወንበር ይያዝላቸው፤ የመጀመሪያውንም አስተያየት እነሱ ይስጡ። ንግግሩን በአማርኛና በኦሮምኛ ለመተርጐም ሦስት ተማሪዎች ፈቃደኞች ሆነናል፤ የቀረው የአዳራሽ ፈቃድ ነው።